ጃኪ ፊልድስ፦ በአንድ ዓይኑ ቀበቶውን ሊያስጠብቅ የወጣው ቡጢኛ

የ1924ቱን የፓሪስ ኦሊምፒክ የኳስ ሰው የሚያውቀው በኡራጓይ ነው። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ መጥተው አውሮፓን ያስደመሙት ኡራጓዮች በፍጻሜው ስዊዘርላንድን 3ለ0 ረትተው ወርቁን ይዘው ሄዱ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የያኔው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን የጎበኙት በዚያው ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኳሱ ፍጻሜ ካለፈ ከወር በላይ ቆይቶ በዚያችው ፓሪስ የቦክሱ ፍጻሜ ተካሄደ። ከወርቅ አሸናፊዎቹ አንዱ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ጃኪ ፊልድስ ይባላል። ዛሬ የምናነሳው እሱን ነው።

ሲወለድ የወጣለት ስም ጃኮብ ፊንክልስታይን ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1908 በቺካጎ ሲሆን፣ ያደገው ማክስዌል ስትሪት በሚባለው የአይሁድ ስደተኞች ሰፈር ነው። ሰፈሩ ቡጢ ሳይቀምስ የሚያድግ ልጅ የሌለበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር፣ ልጁ ጆርጅ ብሌክ በሚባል አሰልጣኝ እጅ ገባ።

ብሌክ በሎስ አንጀለስ አትሌቲክ ክለብ የሰበሰባቸው ልጆች ቀላል አልነበሩም። በትንሹ ሚዛን ፊደል ላባርባ አለ። ከፍ ብሎ ጆ ሳላስ አለ። ከሳላስ ጎን ደግሞ ጃኪ ፊልድስ። ሦስቱም ለፓሪስ ተመረጡ። ላባርባ በሚዛኑ ወርቁን ወሰደ። የፊልድስና የሳላስ ነገር ግን ከባድ ሆነ። ሁለቱ የልብ ጓደኛሞች ናቸው፤ የሚጋጠሙትም በአንድ ሚዛን፣ 57 ኪሎ ገደማ በሆነው ፌዘር ዌይት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ አገር በአንድ ሚዛን ሁለት ሰው ማሰለፍ ይችል ስለነበር፣ ሁለቱም ያገኙትን እየጣሉ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ።

ጓንታቸውን ያጠለቁት በአንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። የመግቢያው ጥሪ ሲመጣ ተቃቅፈው ማልቀሳቸውን ፊልድስ በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ አውርቷል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ሪንግ ላይ ቆመው ይቃመሱ ነበር። ፊልድስ በነጥብ አሸነፈ፤ ወደ መልበሻ ክፍል ሲመለስም ድጋሚ አለቀሰ። በኦሊምፒክ ቦክስ እንደሱ በትንሽ ዕድሜ ወርቅ ያገኘ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። አሁን ለ16 ዓመት ልጅ በኦሊምፒክ ሪንግ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ሪከርዱን የሚሰብር ይመጣል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው።

በ1925 ፕሮፌሽናል ሆነ። አማተር ቦክስ ላይ ያንጸባረቀ ልጅ ሁሉ የሚያጋጥመው ነገር እሱንም አልማረውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከእኩያው ከጂሚ ማክላርኒን ጋር ተጋጠመ። ማክላርኒን ፊቱ የሕፃን፣ እጁ የመዶሻ ነው። ፊልድስ ሁለተኛውን ዙር አልጨረሰም፤ መንጋጋው ተሰብሮ ወጣ። ይህን ያየ ሰው የኦሊምፒኩ ልጅ አበቃለት ቢል አይፈረድበትም። ልጁ ግን ዳነና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከ80 በላይ በሚደርሰው የፕሮፌሽናል ግጥሚያው በዝረራ ያሸነፈው ሰው አልተገኘም።

ዕድሜው ሲጨምር ኪሎውም ጨመረና ወደ ዌልተር ዌይት (66 ኪሎ ገደማ) ወጣ። ማርች 25 ቀን 1929 በትውልድ ከተማው ቺካጎ ያንግ ጃክ ቶምሰንን በነጥብ ረትቶ በአንደኛው የቦክስ ማኅበር የተሰየመውን የዓለም ዋንጫ ያዘ። ያ ምሽት ደስታ ብቻ አልነበረም። ግጥሚያው እየተካሄደ ተመልካቹ መሃል በነጭና በጥቁር መካከል ረብሻ ተነስቶ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ከአራት ወር በኋላ በዲትሮይት ሌላውን ሻምፒዮን ጆ ደንዲን ገጠመ። ደንዲ ደጋግሞ ከተዘረረ በኋላ ከወገብ በታች ስለመታ በሁለተኛው ዙር ከውድድሩ ውጪ ሆነ። በዚህ መልኩ ፊልድስ በ21 ዓመቱ ማንም የማይከራከርበት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በ1930 ቀበቶውን ለዚያው ለቶምሰን አስረከበ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1932 ሉ ብሩያርን በቺካጎ አሸንፎ ለሁለተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ተባለ። ገና 24 ዓመቱም አልሞላም ነበር። አንድ ቡጢኛ ጥሩ የሚባለው ዕድሜ ላይ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

በዚያው በ1932 የአንድ ዓይኑ ሬቲና ተላቀቀ። ሬቲና ማለት ዓይናችን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለች፣ ብርሃን ተቀብላ ወደ አንጎል የምትልክ ስስ ሽፋን ናት። ዓይንን እንደ ካሜራ ካየነው ፊልሟ እሷ ናት። ከቦታዋ ከተላቀቀች ምስሉ ይጠፋል። በዚያ ዘመን የሬቲና ቀዶ ሕክምና ገና ጀማሪ ነበር፤ ፊልድስም ቢታከም አልዳነም። ቡጢኛ ደግሞ በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ይቸግረዋል። የሚመጣው ቡጢ አንድ ክንድ ይራቅ ወይስ ግማሽ ክንድ በትክክል ማወቅ አይችልም፤ ዓይነ ስውር በሆነው ጎኑ የሚመጣውን ደግሞ ጭራሽ አያየውም።

ኳስ ሜዳ ላይ ጉዳቱን ደብቆ፣ ለአሰልጣኙ ደህና ነኝ ብሎ የሚገባ ተጫዋች አይተናል። ኳስ ተጫዋች ሲብስበት እጁን አንስቶ ይቀየራል። ሪንግ ላይ ግን ተቀያሪ የለም። ፊልድስ ያንን እያወቀ ምስጢሩን ዋጠ። ቢናገር ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ቀበቶውም ገንዘቡም ይቀራል። ጊዜው አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት፣ ሚሊዮኖች ሥራ አጥተው ለዳቦ የሚሰለፉበት ነበር። እሱ ራሱም በቦክስ ያጠራቀመውን ሀብት ድቀቱ በልቶበታል።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1933 በሳን ፍራንሲስኮ ቀበቶውን ሊያስጠብቅ ወጣ። ተጋጣሚው ያንግ ኮርቤት ሦስተኛው ግራኝ ነው። ግራኝ ለባለ ሁለት ዓይን እንኳ ያስቸግራል። ፊልድስ በአንድ ዓይን አሥሩንም ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ በነጥብ ግን ተሸነፈ። ሜይ 2 ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ግጥሚያ አድርጎ አሸነፈና ጓንቱን ሰቀለ። 25 ዓመቱ ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ የልጅነት የክለብ ጓደኛው ፊደል ላባርባም በዚያው በ1933 በዓይን ጉዳት ነው ቦክስን ያቆመው። ከፓሪስ ወርቅ ይዘው የተመለሱት ሁለቱም የብሌክ ልጆች በአንድ ዓመት በአንድ ዓይነት ጉዳት ከሪንግ ወጡ።

ፊልድስ ከሪንግ ከወጣ በኋላ በፊልም ድርጅት ሠራ፣ ዕቃ ሻጭ ሆነ፤ በመጨረሻ ላስ ቬጋስ ከትሞ ትሮፒካና በተባለው ትልቅ ሆቴል ባለ ድርሻ እስከመሆን ደረሰ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። በኔቫዳ ግዛት የቦክስ ኮሚሽን ውስጥም አገልግሏል። ኮሚሽን ማለት ለቡጢኛ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ጤናው ካልሆነ የሚከለክል አካል ነው። አንድ ጊዜ የታወረ ዓይኑን ደብቆ የተጋጠመው ሰው፣ በኋላ ሌሎቹ እንዳይደብቁ በሚጠብቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከፊልድስ በፊትም ይህንኑ ምስጢር የያዘ ነበር። የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮኑ ሃሪ ግሬብ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ለዓመታት ተጋጥሟል፤ በ1926 በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ በ32 ዓመቱ ሞተ። ከፊልድስ በኋላ ደግሞ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ መጣ። እሱም የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ነው፣ የእሱም ሬቲና በ1982 ተጎዳ። ሊዮናርድ ግን አልደበቀም። ሐኪም ጋ ሄደ፣ ተሰፋለት፣ ዓመታት አረፈና ኤፕሪል 6 ቀን 1987 ላስ ቬጋስ ላይ ማርቪን ሃግለርን አሸነፈ። በአንድ ዓይነት ጉዳት አንዱ ተሰናበተ፣ አንዱ ተመለሰ። ልዩነቱን የፈጠረው የ50 ዓመት የሕክምና ዕድገትና ሐኪም ፊት እውነቱን ማውጣት ነው።

ያ ግጥሚያ በተካሄደ በሁለት ወሩ፣ ጁን 3 ቀን 1987 ጃኪ ፊልድስ በ79 ዓመቱ አረፈ። በ2004 ስሙ በዓለም አቀፉ የቦክስ ዝነኞች መዝገብ ሰፈረ። 72 ድል፣ 9 ሽንፈት፣ 2 አቻ። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ16 ዓመቱ የኦሊምፒክ ወርቅ። ዓይኑ ባይጠፋ ቁጥሩ የት ይደርስ እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። በ25 ዓመቱ ማቆሙ ግን ሌላ 54 ዓመት ሰጥቶታል።