ዳንኤል ቡን፦ ሰማንያን አልፎም ከጫካ ያልወጣው አዳኝ

ጡረታ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጋቢ ደርቦ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ፣ የልጅ ልጆቹን የሚያጫውት ሽማግሌ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ሰውዬ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሰማንያ ዓመት አልፎትም፣ ቁርጥማት ይዞትም፣ ብርዱ ሲመጣ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ መግባቱን አልተወም።

ዳንኤል ቡን ይባላል። በአሜሪካ ታሪክ ከእሱ በላይ ስሙ የገነነ አዳኝ ማግኘት ይከብዳል። ከ1964 እስከ 1970 በስሙ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሁሉ ተሠርቶለታል። ድራማው ላይ ከአውሬ ቆዳ የተሰፋ፣ ጭራ የተንጠለጠለበት ቆብ ያደርጋል። እውነተኛው ቡን ግን ያን ዓይነት ቆብ አይወድም ነበር፤ የሚያደርገው ተራ ባርኔጣ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ብዙው ነገር እንደ ቆቡ ነው፤ የሰው ጨዋታ ተጨምሮበታል።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ላስቀድም። አንደኛ፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ክረምት ስልም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የበረዶ ወቅት እንጂ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ አይደለም። ሁለተኛ፣ አጋዘን የምለው በሰሜን አሜሪካ ጫካ የሚኖረውን፣ ጭራው ከሥር ነጭ የሆነውን እንስሳ ነው። የባሌው ደጋ አጋዘን ሌላ ፍጥረት ነው።

ቆዳ ገንዘብ በነበረበት ዘመን

ቡን የተወለደው በ1734 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ነው። አባቱ ሸማኔም አንጥረኛም ነበር። ከ11 ልጆች 6ኛው ሲሆን፣ ትምህርት ቤት እምብዛም አልዘለቀም። ፊደል አጣጣሉ እስከ መጨረሻው ስህተት የሞላበት ነበር፤ ማንበብ ግን ይወድ ነበር። አንድ ክረምት እነ ቡን ጫካ ሰፍረው ሳለ የጉሊቨርን ጉዞዎች የሚተርከውን መጽሐፍ ይዘው ያነቡ እንደነበር፣ አንዱን ወንዝም ከመጽሐፉ በወሰዱት ስም እንደጠሩት ይታወቃል።

ልጁ ሲጎረምስ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደ። እዚያ አደን መዝናኛ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር። የአጋዘን ቆዳ ለፋብሪካና ለንግድ ይፈለጋል፣ ባሕር ተሻግሮም ይሸጣል፣ ጨውና ባሩድ ይገዛበታል። አሜሪካኖች ዛሬም ዶላርን በአራዳ ቋንቋ ባክ ይሉታል። ባክ ማለት ወንድ አጋዘን ነው። ስያሜው ከዚያ ዘመን የቆዳ ንግድ እንደመጣ ይታመናል።

አዳኞቹ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይወጡና ወራት ሙሉ አይመለሱም። መጀመሪያ አጋዘኑን ለቆዳው ያድናሉ። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዱና ቢቨር የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ በወጥመድ ይይዛሉ፤ ፀጉሩ የሚደድረው በክረምት ነውና። የሚያድሩት በሦስት ጎኑ በግንድ የታጠረች፣ አራተኛው ጎኗ ለእሳቱ ክፍት የሆነች ጎጆ ውስጥ ነው። ሌት እሳት ይነዳል፤ ቀን ቆዳ ይፋቃል፣ ይታሰራል፣ ፈረስ ላይ ይጫናል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቤቱን የያዘችው ማን ናት? ርብቃ። በ1756 ያገባት፣ 10 ልጅ የወለደችለት ሚስቱ። ባሏ አንዳንዴ ለወራት፣ አንዴም ለሁለት ዓመት ገደማ ሲጠፋ እርሻውም ልጆቹም በእሷ ጫንቃ ላይ ነበሩ። የቡንን ዝና የሚያወራ ሰው ይሄንን መዝለል የለበትም።

የትልቁ ኤሊ ነገር

በ1769 ቡን ተራራ አቋርጦ ኬንታኪ ገባ። አጋዘኑ፣ ጎሹ፣ ምን ቅጡ! ግን አገሩ ባለቤት አልባ አልነበረም። ሻውኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት መሬት ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ያዙት፤ ወራት የለፋበትን ቆዳ በሙሉ ወሰዱበትና ሁለተኛ እንዳትመጣ ብለው ለቀቁት። እሱ ግን አልሰማም፤ እስከ 1771 እዚያው ሲያድን ከረመ።

በ1775 ደግሞ 30 ያህል ሰዎች ይዞ በከምበርላንድ በር በኩል መንገድ ጠረገ። በዚያች ቀጭን መንገድ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ መቶ ሺዎች ጎረፉ። ነባሮቹ ሕዝቦች መሬታቸው ሲወሰድ ዝም አላሉም፤ ደም መፋሰሱም የቡንን ቤት አልማረም። ጄምስ የተባለው የበኩር ልጁ በ1773፣ እስራኤል የተባለው ደግሞ በ1782 ተገደሉ።

በየካቲት 1778 ቡን በበረዶ መሃል የሥጋ ጭነት ይዞ ሲመለስ ሻውኒዎች በድጋሚ ማረኩት። ጨው ለማፍላት የወጡ ጓደኞቹንም እጃቸውን እንዲሰጡ አግባባቸው፤ ባይሰጡ ሁሉም ባለቁ ነበር። ብላክፊሽ የተባለው የሻውኒዎች አለቃ ቡንን ልጁ አድርጎ ተቀበለው። ሼልቶዊ የሚል ስምም ወጣለት፤ ትልቁ ኤሊ ማለት ነው። አብሯቸው ኖረ፣ አብሯቸው አደነ። ሰኔ ላይ ግን መንደሩ ሊወረር መሆኑን ሲያውቅ አምልጦ 257 ኪሎ ሜትር ገደማ በ4 ቀን ሄዶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የገዛ ወገኖቹ ከጠላት ጋር አብረሃል ብለው በጦር ፍርድ ቤት አቆሙት፤ ነፃ ወጣ፤ ማዕረግም ተጨመረለት።

ካርታ የሌለው ቦታ

ሰላም ሲመጣ ቡን ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገባ። መሬት መቀየስ፣ መሬት መግዛት፣ መሬት መሸጥ። ጫካ ውስጥ የሚያክለው የለም፤ ወረቀት ላይ ግን የዋህ ነበር። አንድ ቦታ ለሦስት ለአራት ሰው የተመዘገበበት ዘመን ነው። ይከሰሳል፣ ይረታል፣ ዕዳ ይከምራል። እዚህ ላይ አንድ ሌላ እውነት አለ፤ በደህናው ዘመኑ ባሮችም ነበሩት።

በ1798 የሆነው ነገር ያስገርማል። ለምስክርነት ተጠርቶ ስላልቀረበ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። በዚያው ዓመት ደግሞ የኬንታኪ ምክር ቤት አንድ አውራጃ በስሙ ሰየመለት። በአንድ እጅ ክብር፣ በሌላው ፖሊስ።

በ1799 ቡን ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ዕድሜው 65 ሊሞላ ነው። የሄደው ያኔ በስፔን እጅ ወደነበረው፣ ዛሬ ሚዙሪ ወደምንለው አገር ነው። ስፔኖች ሰው እንዲሰፍርላቸው ይፈልጉ ስለነበር 340 ሄክታር ገደማ ሰጡት። በእኛ የጥንት ልክ ከስምንት ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። የአካባቢው ዳኛም አደረጉት።

የሽምግልና ክረምቶች

እንግዲህ የሰውዬው ደስታ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዳኝነቱ ቀን አይፈጅም፣ አጋዘን በቅርብ አለ፣ ቢቨር ወንዙን ሞልቶታል። ቁርጥማቱ ሲፈቅድለት ክረምቱን ጫካ ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሄደው ዴሪ ኮበርን የሚባል ጥቁር ሰው ነበር። ዴሪ የቡን ልጅ የዳንኤል ሞርጋን ባሪያ ነው። ሁለቱ ከአንድ እሳት ይሞቃሉ፣ ከአንድ ሥጋ ይበላሉ፤ ጠዋት ግን አንዱ ነፃ ሰው ነው፣ ሌላው የሰው ንብረት። ስለ ቡን የሽምግልና አደን ሲወራ ዴሪ ቢረሳ ወሬው ጎደሎ ነው። ሽማግሌው ብቻውን አይችለውም ነበርና።

ጫካው ደግሞ ምሕረት የለውም። አንድ ክረምት ቡን ወጥመድ ሲያጠምድ ብረቱ የገዛ እጁን ያዘው፤ ብቻውን ማላቀቅ አቃተው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የአካባቢው ባለቤቶች ኦሴጆች ያዙትና የያዘውን ፀጉርና ቆዳ ወረሱት። በ35 ዓመቱ ኬንታኪ ላይ የደረሰበት ነገር በሽምግልናው ተደገመ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ይሄ ነው። ከሻውኒዎች የተወሰኑት ከምሥራቅ እየተገፉ ሚዙሪ ድረስ መጥተው ነበር። ከእነሱ መካከል በ1778 ምርኮ ላይ ያውቁት የነበሩ ነበሩ። የድሮ ጠላቶች ተገናኙ፣ ተጠያየቁ፣ አብረው አደኑ። ልብ በሉ፤ እነሱም እሱም ኬንታኪን አጥተዋል። እሱን ያባረረው ዕዳና ፍርድ ቤት ነው፤ እነሱን ያባረራቸው እሱ በጠረገው መንገድ የመጣው ሕዝብ ነው። ያ ሁሉ ደም ካለፈ በኋላ አንድ አጋዘን ተካፍለው መብላታቸው ዕርቅ ይሁን ድካም፣ አንባቢ ይፍረድ።

ሁለተኛው ነጠቃ

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1803 አሜሪካ ያንን ግዛት በሙሉ ገዛችው። የዳኝነቱ ሥራ ቀረ። የመሬት ጉዳይ የሚያጣሩ ሰዎች መጡና ሰነድ አምጣ አሉት። የቡን መሬት ደግሞ በአብዛኛው በቃል የተሰጠ ነበር፤ ስፔኖቹ ማስረጃ የሚባለውን ነገር ጨርሰው አልሠሩለትም። መሬቱ ተወሰደ። ሰባዎቹን ያገባደደ ሰው ለኮንግረስ አቤቱታ አስገባ፣ ዓመታት ጠበቀ።

በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲነሣ ልዝመት ብሎ ተመዘገበ። አርጅተሃል ተብሎ ተመለሰ።

በ1813 መጋቢት ርብቃ ሞተች። ክረምቱ ሲያልቅ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ፈሳሽ እየቀዱ፣ እያፈሉ ስኳር ያወጡ ነበር፤ እሷም የታመመችው ለዚሁ ሥራ ጫካ በሰፈሩበት ነው። ከ56 ዓመት በላይ በትዳር ኖረዋል። ቡን ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ጋር መኖር ጀመረ።

በ1814 ኮንግረስ መሬቱን መለሰለት። ታዲያ ተደሰተ? አብዛኛውን ሸጦ የኬንታኪ አበዳሪዎቹን ከፈለ። እንግዲህ የክረምት አደኑን በዚህ ዓይን እዩት። ጫካ ወርዶ የሚያድረው ነፍሱ ስለምትወድ ነው፣ አዎ። ግን ቆዳና ፀጉሩ ሰነድ የማይጠየቅበት፣ በእጁ ሠርቶ የሚያገኘው ብቸኛ ሀብቱም ነበር።

የመጨረሻው ጥብስ

በ1816 ሚዙሪ ወንዝ ላይ ባለው ፎርት ኦሴጅ የሚባል ምሽግ የነበረ አንድ መኮንን ቡን መጥቶ ሁለት ሳምንት አብሯቸው እንደቆየ፣ ከዚያም ፕላት ወደሚባለው ወንዝ ለአደን እንደቀጠለ ጽፏል። ያኔ ዕድሜው 81 ነበር።

ሞትንም ቢሆን እንደ አደን ጉዞ ቀድሞ ነው የተዘጋጀለት። የሬሳ ሳጥኑን አሠርቶ ቤት አስቀምጦ ነበር።

በ1820 ሰኔ ቼስተር ሃርዲንግ የሚባል ወጣት ሠዓሊ ሊስለው መጣ። ቡን አልጋ ላይ ሆኖ ምሳውን ሲያዘጋጅ አገኘው። ባሩድና ጥይት ወደ አፈሙዝ የሚጠቀጠቅበትን ዘንግ ይዞ፣ ጫፉ ላይ የአጋዘን ሥጋ ጠምጥሞ፣ እሳት ላይ እያገላበጠ ነው። ጠመንጃ መተኮስ ቢያቅተውም ዘንጉ ከእጁ አልወጣም። ሲሳል ጭንቅላቱን ደግፎ የሚይዝለት ሰው አስፈልጎ ነበር። በሕይወት እያለ እንደተሠራ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥዕል ያ ብቻ ነው።

መስከረም 26 ቀን 1820 በልጁ በናታን ቤት አረፈ። 86 ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። የድንጋዩ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚ ይገባበታል። ርብቃ አጠገብ ቀበሩት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1845 ከኬንታኪ ሰዎች መጥተው የሁለቱንም አጽም አውጥተው ፍራንክፈርት ወደሚባለው ዋና ከተማቸው ወሰዱ። ሚዙሪዎች ደግሞ የወሰዳችሁት የሌላ ሰው አጥንት ነው፣ ቡን እኛው ጋ ነው ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በሕይወቱ ሳለ ኬንታኪም ሚዙሪም መሬት ከልክለውታል። ከሞተ በኋላ ሁለቱም መቃብሩ እኛ ዘንድ ነው ይላሉ። እሱ ግን የሚፈልገው የነበረው አጋዘን ያለበት ጫካ ነበር። እሱንም በጠረገው መንገድ የመጣው ሰው እያሳሳው፣ አዳኙ በየክረምቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሩቅ መሄድ ነበረበት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቡን መንገድ ከፋች ነው ወይስ በገዛ እጁ ጫካውን ያጣ ሰው? ሐሳባችሁን ጻፉልን።