ዋልተር ፍሌሚንግ ያያቸው ክሮች

ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ማይቶሲስ የሚለውን ቃል ሸምድዶ ነው ያለፈው። ቃሉን ያወጣው ማነው ሲባል ግን አብዛኞቻችን ዝም ነው። ሰውየው ዋልተር ፍሌሚንግ ይባላል።

ፍሌሚንግ በ1843 በሰሜን ጀርመን፣ በሽቬሪን ከተማ አጠገብ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ነበር። ልጁም ሕክምና ተምሮ በ1870 በተነሣው የፈረንሳይና የጀርመን ጦርነት በሐኪምነት አገለገለ። ፕራግ ጥቂት ዓመት ካስተማረ በኋላ በ1876 በኪል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ዋናው ሥራው እዚያ ነው። ሴል ያለ ቀለም በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ውሃ ነው፤ ውስጡ አይለይም። ፍሌሚንግ ታዲያ የሳላማንደርን እጭ መረጠ። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል፣ በወለጋ ወንዞች የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ሴሎቹ ትላልቅ ናቸው። በዚያን ዘመን ለጨርቅ ማቅለሚያ የወጡትን አዳዲስ ቀለሞች ሲቀባቸው ኒውክለሱ ውስጥ ክሮች ታዩት። ክሮቹ ይወፍራሉ፣ በቁመታቸው ይሰነጠቃሉ፣ ከዚያ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በ1882 በመጽሐፍ አወጣ። (እነዚያን የመሰሉ ክሮች ከነቀምቴ ገበያ በተገዛ ቀይ ሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይም ይታያሉ። ለልምምድ ወደ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ የምትሄዱ ልብ በሉ።)

መቼም ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። አይደለም። ከሰው አንጎል ዕጢ ተቀዶ ሲወጣ ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተመልሶ ያድግ ይሆን? ሐኪሞች ቁራጩን በማይክሮስኮፕ አይተው በመከፈል ላይ ያሉትን ሴሎች ይቆጥራሉ። ችግሩ ማይቶሲስ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ለመከፈል ከሚሰናዱት ሴሎች ብዙዎቹ በዚህ ቆጠራ አይያዙም።

በ1983 በዚያችው በኪል ተመራማሪዎች ኪ-67 የተባለ ምልክት አገኙ። ኪ የከተማዋን ስም ያሳያል፤ 67 ደግሞ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የነበረች የአንዲት ጉድጓድ ቁጥር ነው። ምልክቱ ለመከፈል የተነሣ ሴል ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ያረፈ ሴል ውስጥ ግን ፕሮቲኑ የለም። ስለዚህ ከመቶው ሴል ስንቱ ቀለም ያዘ ብሎ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ፈጥኖ ያድጋል። ሆኖም አንዱን ቁራጭ ሁለት ሰዎች ቆጥረው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ በዚህ ብቻ አይፈረድም።

ፍሌሚንግ ይህን አላየም። ኪል ውስጥ ድሆችን ይመግብ ነበር፤ ትምህርት ቤት መግባት ላልቻሉ ልጆችም ሒሳብ ያስተምር ነበር። በ1905፣ በ62 ዓመቱ፣ እዚያው ኪል አረፈ።