አባ ሰንጋን የለየው የወረዳ ሐኪም

ከብት አርቢ ሁሉ አባ ሰንጋን ያውቀዋል። ማታ ደህና ሆኖ በረት የገባ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የሚወጣው ደም ጠቁሮ አይረጋም። ሥጋውን የበላ፣ ቆዳውን የገፈፈ ሰውም ይታመማል። የዚህን በሽታ መነሻ በማያሻማ መንገድ ያሳየው ሰው ትልቅ ቤተ ሙከራ የነበረው ፕሮፌሰር አልነበረም። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚሠራ የወረዳ ሐኪም ነበር። ስሙ ሮበርት ኮኽ ይባላል።

ኮኽ እ.አ.አ በ1843 ክላውስታል በተባለች የጀርመን የማዕድን ከተማ ተወለደ። ከ13 ልጆች ሦስተኛው ሲሆን አባቱ የማዕድን ባለሙያ ነበሩ። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ተመረቀ፤ ጀርመኖች ከፈረንሳይ ጋር ባደረጉት ጦርነትም በፈቃደኝነት በሐኪምነት አገለገለ። በ1872 ያኔ በፕሩሺያ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ቮልሽታይን የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተመደበ።

በዚያ አካባቢ አባ ሰንጋ በጎችንና ከብቶችን ይፈጅ ነበር። ኮኽ በሽተኞቹን ካየ በኋላ፣ በመጋረጃ በከፈለው የቤቱ ክፍል ውስጥ ባለቤቱ በስጦታ በሰጠችው ማይክሮስኮፕ የሞቱ እንስሳትን ደም መመርመር ጀመረ። በደሙ ውስጥ በትር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች መኖራቸውን ከእሱ በፊት ፈረንሳዮቹ ራየርና ዳቬን በ1850 አይተዋል። ክርክሩ ግን አላበቃም ነበር። በትሮቹ ከብቱን የገደሉት ናቸው ወይስ ከብቱ ሲታመም የመጡ? ገዳዮቹ እነሱ ከሆኑስ፣ ከደሙ ውስጥ ቶሎ የሚጠፉ ከሆነ፣ ከብት የሞተበት መስክ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደገና ይገድላል?

ኮኽ የሕክምና መርፌ እንኳ አልተጠቀመም። የእንጨት ስንጥር በእሳት አግሎ አጸዳና በአባ ሰንጋ የሞተ እንስሳ ጣፊያ ደም ውስጥ ነክሮ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፤ ደማቸውም በእነዚያው በትሮች ተሞልቶ ተገኘ። በጤነኛ እንስሳ ደም የተወጉት ግን በበሽታው አልተያዙም። ቀጥሎ በትሮቹን ከበሬ ዓይን በተቀዳ ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ አራባቸው፤ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ደጋግሞ እያሻገረም ከመጀመሪያው ደም ምንም እንዳይቀር አደረገ። በዚህ መንገድ የተራቡት በትሮችም ገደሉ። ስለዚህ ገዳዩ ከደሙ ጋር የነበረ ሌላ ነገር ሳይሆን ይኸው ባክቴሪያ ነበር።

የመስኩንም እንቆቅልሽ የፈታው በዚሁ ጠብታ ነው። በትሮቹ አየርና ሙቀት ሲያገኙ በውስጣቸው ስፖር የተባለ ጠንካራ ፍሬ መሰል ነገር ይሠራሉ። ስፖሩ ድርቀትን ተቋቁሞ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ከሣር ጋር ወደ ከብት ሆድ ሲገባ እንደገና በትር ይሆናል። ሳይከፈት በቀረ ሬሳ ውስጥ አየር ስለሌለ ባክቴሪያው ስፖር ሊሠራ አይችልም። ሬሳው ተከፍቶ ደሙ መሬት ላይ ከፈሰሰ ግን ግጦሹ ተመረዘ ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት እንዳይበለት፣ ቆዳውም እንዳይገፈፍ አጥብቀው የሚከለክሉት ለዚህ ነው። አርሶ አደራችን አባ ሰንጋን፣ አባ ጎርባንና ጎሮርሳን በስም ይለያቸዋል። የሦስቱም መነሻ የተለያየ ባክቴሪያ ስለሆነ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም።

በ1876 ኮኽ መሣሪያዎቹን ጠቅልሎ ወደ ብሬስላው ሄደ፤ በዩኒቨርሲቲው በፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ኮን ፊት ሥራውን አሳየ። በዚያው ዓመት ጽሑፉ ታተመ። በ1880 ወደ በርሊን ተዛወረ። ባክቴሪያዎችን ሳይቀላቀሉ ለየብቻ ለማራባት መጀመሪያ የድንች ቁራጭ፣ ቀጥሎ ጄላቲን ሞከረ። ጄላቲን ግን በሙቀት ይቀልጣል። መፍትሔው የመጣው ከኩሽና ነው፤ ከባህር አረም የሚሠራውን አጋር እንዲጠቀሙ ሐሳቡን ያቀረበችው የአንዱ የሥራ ባልደረባው ሚስት ፋኒ ሄሰ ነበረች። ዛሬም ከታመመ ከብት የተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ የሚለየው በአጋር ላይ ተራብቶ ነው። በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለየ፤ በ1905ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንዲህ ያለ ሰውም ተሳስቷል። በ1890 ነቀርሳን ያድናል ብሎ ያወጣው ቱበርኩሊን አላዳነም። በ1901 ደግሞ በለንደን ጉባኤ ላይ የከብትና የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያዎች የተለያዩ ናቸው አለ። በዚህ ልክ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ግን የከብቱ ነቀርሳ ለሰው ብዙም አያሰጋም፣ በወተት ላይም የተለየ ጥንቃቄ አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ የብሪታንያ መንግሥትም ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ።

ኮኽ በግንቦት 1910 በባደን ባደን ከተማ በ66 ዓመቱ አረፈ። የኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በዓመቱ ነው። የከብቱ ባክቴሪያ በጥሬ ወተት አማካይነት ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን እንደሚይዝ አረጋገጠ። ያ ለመድኃኒትነት ያልበቃው ቱበርኩሊን ግን ሌላ ሥራ አገኘ፤ ነቀርሳ ያለባትን ላም ከጤነኛዋ ለመለየት የእንስሳት ሐኪሞች እስከ ዛሬ በቆዳዋ ውስጥ የሚወጉት እሱን ነው።