ባሕሩን ውኃ ያስቀየረች ልብስ ሰፊ

ሳሎኔ ውስጥ 400 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለኝ። እንዲህ ያለ ገንዳ ያለው ሰው የማያመልጠው አንድ ግዴታ አለ፤ ውኃ መቀየር። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ በአብዛኛው የሚወጣው ውኃው ሲወጣ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲ ይዤ ስመላለስ ዓመታት አለፉ። ዕድሜ ከሃምሳ ሲሻገር ግን ወገብ ይግባኝ ይላል።

በመጨረሻ ውኃው ራሱን እንዲቀይር አደረግሁ። ከቧንቧው መስመር ቀጭን ቱቦ ሳብኩ፤ በቀን 40 ሊትር ያህል ጠብ ጠብ ይላል፤ የተረፈው ከገንዳው አፍ ዝቅ ብሎ በተበሳ ቀዳዳ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። (በነገራችን ላይ፣ በ10 ቀን 400 ሊትር ስለገባ ገንዳው ሙሉ በሙሉ ታደሰ ማለት አይደለም። አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚወጣ፣ ከአሮጌው ውኃ ከሲሶ በላይ አሁንም እዚያው አለ።) ለጥቂት ወራት ኮራሁ። ከዚያ በሰፈራችን ውኃ ለቀናት ጠፋና አንድ ሌሊት ክሎሪኑ እየሸተተ መጣ። ጠዋት ስነሳ አምስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። ሕግ የተማርኩ እንደመሆኔ ተከሳሽ ፈለግሁ፤ ከራሴ በቀር ማንንም አላገኘሁም።

በዚያ ሰሞን ነው የዣን ቪልፕሩ ፓወርን ሕይወት እንደገና ያነበብኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ዣን በ1794 በፈረንሳይ ገጠር፣ ዡያክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ትምህርቷ ከማንበብና መጻፍ ብዙም አላለፈም። በ18 ዓመቷ ልብስ ሰፊ ለመሆን ወደ ፓሪስ ተነሣች፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በእግሯ እንደሄደችው ይነገራል። እጇ የተባረከ ነበር። በ1816 የሁለቱ ሲሲሊዎች ልዕልት ማሪ ካሮሊን ለቤሪው መስፍን ስትዳር የሠርግ ልብሷን በመሥራት ስሟ ተነሣ። ጄምስ ፓወር ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋወቀችና በ1818 መሲና ላይ ተጋቡ። ሲሲሊ ላይ ሩብ ምዕተ ዓመት ኖረች።

ባለጸጋ ባል ያገባች ሴት ሻይ እየጠጣች መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን ያለ አስተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ መማር ጀመረች፤ ደሴቲቱን እየዞረች ቢራቢሮ፣ ዛጎልና ቅሪተ አካል ሰበሰበች። ልቧን የወሰደው ግን አርጎኖት ነው። አርጎኖት ስስ ነጭ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። የዛጎሉ ነገር ሊቃውንቱን ለረጅም ዘመን አከራክሯል። ራሱ ይሠራዋል ወይስ አንዳንድ ሸርጣን እንደሚያደርገው ሌላው ጥሎት የሄደውን ይገባበታል? በእኛ ቋንቋ፣ ባለቤት ነው ወይስ ባለይዞታ ብቻ?

ክርክሩ ያልቆረጠው ማስረጃ ስላልነበረ ነው። የሞተ እንስሳ አይመሰክርም፤ በሕይወት ያለው ደግሞ ባሕር ውስጥ ነው። ዣን ማስረጃውን የምታይበት ዕቃ ራሷ ሠራች። በ1832 የመስታወት ገንዳ አበጀች፤ ለቤት ውስጥ ጥናት። ሁለተኛው በዙሪያው ፍርግርግ ያለው፣ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ መስታወት ነበር። ሦስተኛው ትልቅ ሳጥን ነው፤ በመልሕቅ ታስሮ ባሕሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንስሳቱ አይወጡም፣ ውኃው ግን እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ባልዲ የለ፣ ፓምፕ የለ፤ ውኃ የመቀየሩን ሥራ ለባሕሩ ሰጠችው።

የእኔም ጥፋት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የእሷ ሳጥን የተከፈተው ወደ ሰፊ ባሕር ነው፤ ከትናንት እስከ ዛሬ ጠባዩ ብዙም አይለወጥም። እኔ የከፈትኩት ዛሬ ጠፍቶ ነገ ክሎሪን ይዞ ወደሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። አሁን በመሐል ሮቶ አስቀምጫለሁ፤ ውኃው እዚያ አንድ ቀን ያርፋል፣ ከሰል ባለበት ማጣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ ነው ጠብ የሚለው።

ወደ ዣን እንመለስ። አርጎኖቶቹን ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ተከታተለች፤ ዛጎሉ ሲጀመር አየች። ሆን ብላ ዛጎል ሰበረች፤ እንስሳው የተሰበረውን ራሱ ጠገነው። ከጥንት ጀምሮ እንደ ሸራ ለመቅዘፊያ ያገለግላሉ ይባሉ የነበሩት ሁለቱ ሰፋፊ እጆችም ዛጎሉን የሚሠሩት መሆናቸውን አሳየች። ውጤቷ በ1839 ታተመ። የካታኒያው ጆኤኒያ አካዳሚ አባል ያደረጋት የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

በ1843 ባልና ሚስቱ ሲሲሊን ለቀቁ። ከዓመታት ልፋቷ ብዙው፣ ማስታወሻዋና ሥዕሎቿ ሳይቀሩ፣ የጫናቸው መርከብ ሰጥሞ ባሕር ገባ። መጻፏን አላቆመችም፤ ወደ ባሕር ምርምሯ ግን አልተመለሰችም። ይህን ሳነብ ከአምስቱ ዓሦቼ ይልቅ አዘንኩ።

ከዚያ ተራው የእንግሊዞች ሆነ። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን ተክልና ዓሣ በልክ ከተቀመጡ ውኃ መቀየር እንደማያስፈልግ ጻፈ፤ በ1853 ለንደን የሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተች፤ በ1854 ፊሊፕ ጎስ ‹አኳሪየም› የሚለውን ስም በመጽሐፉ አስፋፋ። ፋሽኑ በየሳሎኑ ገባ፤ የመሲናዋ ሴት ግን ከነሳጥኗ ተረሳች። በ1858 የቀዳሚነት መብቷን የመሰከረላት ታዋቂው ሪቻርድ ኦወን ነው። ምስክርነቱ እውነት ቢሆንም ዘግይቷል። ዛሬም የአኳሪየም ታሪክ ሲወራ ብዙ ሰው ከለንደን ይጀምራል፤ እኔም ለዓመታት ከዚያ ስጀምር ነበር።

በ1870 ፕሩሲያዎች ፓሪስን ሲከቡ ዣን በዚያ ክረምት ከተማዋን ትታ ወደ ተወለደችበት ዡያክ ተመለሰች። በጥር 1871፣ በ76 ዓመቷ፣ እዚያው አረፈች። በ1997 በቬኑስ ላይ ያለ አንድ ጎድጓዳ በስሟ ተጠራ።