የካይሮው ገበያ ተቆጣጣሪ፦ ኢማም አል-መቅሪዚ

በዚህ በተባረከ የረመዷን ወር በየቤቱ ከሚነሱ ወሬዎች አንዱ የዋጋ ነገር ነው። ሸማቹ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ነጋዴው ደግሞ ዕቃው በስንት እንደገባበት ይቆጥራል። ይህንኑ ክርክር ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በካይሮ ገበያ የመረመሩ ታላቅ ዓሊም ነበሩ፤ ተቂዩዲን አሕመድ አል-መቅሪዚ፣ አላህ ይዘንላቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1364 ገደማ እዚያው ካይሮ ነው። የአባታቸው ወገን ከሻም ምድር፣ ከበዕለበክ የመጣ ነበር። በሐነፊው አያታቸው፣ በእናታቸው አባት እጅ ቢያድጉም ኋላ የሻፊዒይን መዝሀብ ያዙ። ከመምህሮቻቸው አንዱ ኢብን ኸልዱን ናቸው። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያቱን የመፈለግ ልማድ ከእሳቸው የወረሱት ይመስለኛል።

በ801 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1399) ሱልጣን በርቁቅ የካይሮ ሙህተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሟቸው። ሙህተሲብ ሚዛንና መስፈሪያ ያያል፤ የዳቦውን ክብደት ይመረምራል፤ የሚያጭበረብረውን ይቀጣል። ሹመቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በበድሩዲን አል-ዐይኒ ተተኩ። የቡኻሪን ማብራሪያ የጻፉት አል-ዐይኒ እኒሁ ናቸው። ሁለቱ ዓሊሞች ብዙም አይዋደዱም ነበር።

በ806 ዓመተ ሂጅራ ከእኛው ተራሮች የሚወርደው የዓባይ ውሃ ጎደለ። ግብፅ ተራበች፤ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ቸነፈር ተከተለ። ሕዝቡ እንዲህ ያለ መከራ ታይቶ እንደማይታወቅ፣ ማብቂያም እንደሌለው ይናገር ጀመር። አል-መቅሪዚ ይህን ተስፋ መቁረጥ አልተቀበሉም። ምክንያት ያለው ነገር ምክንያቱ ሲነሳ እንደሚነሳ ለማስረዳት በ808 ሙሐረም ወር አንዲት መጽሐፍ በአንድ ሌሊት አሰናዱ፤ ስሟም ኢጋሠቱል ኡማ ይባላል።

መጽሐፏ ያለፉትን ረሃቦች ትቆጥራለች። ከሁሉ የማይረሳው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በኸሊፋ ሙስተንሲር ዘመን የሆነው ነው። አንዲት የትልቅ ቤት ሴት ሺህ ዲናር የሚያወጣ የአንገት ጌጧን በአንድ ከረጢት ዱቄት ለወጠች። በመንገድ ላይ የተራበው ሕዝብ ዱቄቱን ቀማት፤ እሷም እንደ ሌላው ተሻምታ እፍኝ ያህል ተረፋት። እሱን ጋግራ በቤተ መንግሥቱ በር ከፍ ካለ ቦታ ወጣች፤ ቂጣውን ለሕዝቡ እያሳየችም በሺህ ዲናር ላስገዛት ለዚህ ኸሊፋ ዱዓ እንዲያደርጉለት ጮኸች። ኸሊፋው ሲሰማ ገዢውን አስጨነቀው። ገዢውም ሞት የተፈረደባቸውን እስረኞች የነጋዴ ልብስ አልብሶ፣ እህል ነጋዴዎቹ ፊት አንድ በአንድ አንገታቸውን አስቆረጠ። የቀሩት ደንግጠው የደበቁትን እህል እንደሚያወጡ ቃል ገቡ። እህሉ ለካ በጎተራ ነበር! የገዢው ዘዴ ግን ዛሬም ሳነበው ይዘገንነኛል።

የራሳቸውን ዘመን ውድነት ግን ድርቅና የነጋዴ ስግብግብነት ብቻ አመጡት አላሉም። ሹመት በጉቦ ይሸጥ ነበር፤ ተበድሮ የተሾመ ሰው ዕዳውን ከሕዝቡ ያወጣል። የእርሻ መሬት ኪራይ ናረ፤ ገበሬው እየተወ ሸሸ። መንግሥት ደግሞ ድሮ ለትናንሽ ነገር መግዣ ብቻ የነበረውን የመዳብ ሳንቲም፣ ፉሉስን፣ ያለ ልክ አሳተመ። የብር ድርሃም ከገበያ ጠፋ።

ከዚያ ሰውን በሰባት ክፍል ከፍለው ማን ምን እንደደረሰበት አዩ። ሹማምንቱና ባለጸጋ ነጋዴዎቹ የሚቆጥሩት ገንዘብ ስለበዛ የተጠቀሙ መሰላቸው። ነጋዴው ቀን በውድ ሸጦ ይደሰታል፤ ማታ ለልጆቹ እህልና ልብስ ሲሸምት እሱም ገዢ ነውና ትርፉ ያልቅበታል። ከገበሬዎች መሬቱ ውሃ ያገኘለት ጥቂቱ ከበረ፤ ብዙው ጠፋ። የእጅ ባለሙያውና የቀን ሠራተኛው ዋጋ እጥፍ ድርብ ሆነ፤ ምክንያቱ ግን አብዛኞቹ ጓደኞቹ መሞታቸው ነው። ገቢያቸው የተቆረጠ የሆነ ፉቀሃዎችና ደረሶች ወይ ሞቱ ወይ ሞትን ተመኙ። የድሆቹ ነገር በጥቂት መስመር ያልቃል፤ አብዛኞቹን ረሃብና ብርድ ጨረሳቸው።

መፍትሔ ያሉት ወደ ወርቅና ብር መመለስን ነው። ይህን የዛሬ ሊቅ ሁሉ አይቀበለውም። የሻጭን ኪሳራ ከገዢ ኪሳራ ጋር በአንድ ሚዛን ማየታቸው ግን በዚያ ዘመን ብዙ የማይገኝ ነገር ነው።

ኋላ ሹመቱን ሁሉ ትተው ለጽሑፍ ተቀመጡ። የካይሮን ሰፈሮች፣ መስጊዶችና ገበያዎች በሰፊው መዘገቡ። በ839 ዓመተ ሂጅራ መካ ሳሉም ከሐበሻ ምድር ሰዎች እየጠየቁ ስለ ኢፋት ሙስሊም ነገሥታት ጻፉ፤ የአገራችንን የእስልምና ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ዛሬም ያችን ጽሑፍ ይከፍታል። ያረፉት በ845 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1442 መጀመሪያ፣ በረመዷን ወር ነው። መምህራቸው ኢብን ኸልዱን ባረፉበት፣ ከባቡ-ነስር ውጭ ባለው የሱፍዮች መቃብር ተቀበሩ።