ሳኪቺ ቶዮዳ፦ ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን የሠራው አናጺ

አገር ቤት ቶዮታ የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስሙ የመጣበት ሰው ግን መኪና ሠርቶ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው በሽመና መሣሪያ ላይ ነበር።

ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ የኮሳይ ከተማ አካል በሆነች የጃፓን ገጠር ተወለደ። አባቱ አናጺ ነበር፤ እሱም ጥቂት ከተማረ በኋላ መጋዝና መዶሻ ይዞ አባቱን ማገዝ ጀመረ። በመንደሩ ሴቶች ከእርሻው ጎን ለጎን ቤታቸው ውስጥ ይሸምኑ ነበር፣ እናቱም ጭምር። እኛ ዘንድ መፍተሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ ስለኖረ ይህ ለየት ሊልብን ይችላል።

በ1885 ጃፓን የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ አወጣች። ወጣቱ ሳኪቺ ከዚያ ወዲያ ልቡ ከአናጺነቱ ሸፈተ። አባቱ አልወደደለትም፣ ጎረቤቱም እንደ ወፈፌ ያየው ጀመር። በ1890 ቶኪዮ ውስጥ ትልቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ሲከፈት በየቀኑ እየሄደ ማሽኖቹን ሲመረምር ይውል ነበር። በዓመቱ ለመጀመሪያ ፈጠራው፣ በአንድ እጅ ለሚሠራ የእንጨት መሸመኛ፣ የባለቤትነት መብት አገኘ። ሥራን ወደ ግማሽ ያህል ያፋጥናል፤ ግን ገንዘብ አላመጣለትም። በ1894 ልጁ ኪቺሮ ሲወለድ ባለቤቱ ሕፃኑን ለአያቶቹ ትታ ሄደች። ፈጠራ ብቻ የሚያልም ባል ለኑሮ አይመችም፤ እሷን ለመውቀስ ይከብዳል።

ዋናው ነገር የመጣው በ1896 ነው፦ በሞተር ኃይል የሚሠራ የጃፓን መሸመኛ። የሚገርመው ፍጥነቱ ሳይሆን መቆሙ ነው። ሸማኔ ማጉ ሲበጠስ እጁ ያውቀዋል፤ ማሽን ግን ባዶውን እየተወረወረ የተበላሸ ጨርቅ ማምረቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊጠብቀው ግድ ነው። የቶዮዳ ማሽን ማጉ ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ይህ ሐሳብ ዛሬም በቶዮታ ፋብሪካዎች ጂዶካ በሚል ስም ይሠራበታል፦ ስህተት ከታየ ሥራው እዚያው ይቆማል።

በ1907 ትልልቅ ባለሀብቶች ገንዘብ አውጥተው በስሙ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1910 ግን ገቢ ሲቀንስ ጥፋቱ በምርምሩ ተላከከና ከገዛ ስሙ ኩባንያ እንዲለቅ ተደረገ። አሜሪካና አውሮፓን ዞሮ ሲመለስ ናጎያ ላይ የራሱን የሽመና ፋብሪካ ተከለ። መጥፎ ክር የማሽኑን ፈተና እያዛባ ስላስቸገረው ቆይቶ ክሩንም ራሱ ወደ መፍተል ገባ። የሰውየውን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

በ1924፣ በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቀው ኪቺሮ ጋር በመሆን፣ ጂ የተባለውን አውቶማቲክ መሸመኛ አወጣ። መወርወሪያው ውስጥ ያለው ማግ ሲያልቅ ማሽኑ ሳይቆም፣ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ ሌላ መወርወሪያ ይተካል፤ ድር ወይም ማግ ሲበጠስ ግን ቀጥ ይላል። አንድ ሠራተኛ ከ30 በላይ ማሽን መቆጣጠር ቻለ። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የዚህን ማሽን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ጃፓን የሽመናና የፈትል ማሽን ከእንግሊዝ ስታስመጣ የኖረች አገር መሆኗን ልብ ይሏል። በነዚያው ዓመታት ርካሽ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ ዓለምን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው አቡጀዲም በብዛት የጃፓን ሆነ።

ሳኪቺ ጥቅምት 30 ቀን 1930 በ63 ዓመቱ አረፈ። ኪቺሮ አባቱ ያበረታታው በነበረው የመኪና ሥራ ገፋበትና በ1937 ኩባንያው ተመሠረተ። ስሙ ግን ቶዮዳ ሳይሆን ቶዮታ ተባለ፤ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆንና ስምንት እዚያ የመልካም ዕድል ቁጥር ስለሆነ።