ዓባይ ያሸነፋቸው የብርሃን ሊቅ



በክረምት ከእንፍራንዝ ቁልቁል ወደ ጣና የሚወርደው ደፍራሽ ጎርፍ በዓባይ አድርጎ ግብፅ ይደርሳል። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ይኸው ወንዝ አንድ ታላቅ ዓሊም አሸንፏል።

ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም (ረሒመሁላህ) በ354 ዓመተ ሂጅራ፣ በ965 እ.ኤ.አ.፣ ኢራቅ በስራ ተወለዱ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው፣ ዓባይን ሲሞላም ሲጎድልም እንዲጠቅም ማድረግ እንደሚችሉ መናገራቸው ለግብፁ የፋጢሚያ ገዥ ለአል-ሓኪም ደረሰ። አስጠራቸው፤ ሠራተኛ ሰጥቶም ወደ ደቡብ ላካቸው። በመንገዳቸው የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች ሲያዩ ተጠራጠሩ፤ ይህን ያነጹ ሰዎች የሚቻል ቢሆን ወንዙን አይተዉትም ነበርና። አስዋን አካባቢ ስፍራውን መርምረው እንደማይሆን ገባቸው። ተመልሰውም እንዳልቻሉ ለገዥው ነገሩት።

በሰው ሕይወት በሚጫወት ገዥ ፊት እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም። (እኛ በላቦራቶሪ ቁጥሩ እምቢ ሲል ከመጽሐፉ ጋር እንዲገጥም እንነካካዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ።) አል-ሓኪም ሹመት ቢሰጣቸውም ፈሩት፤ እብድ መስለው በ411 ሂጅራ እስኪጠፋ ድረስ ቤት ተዘግተው ኖሩ። ከዚያ በኋላ አል-አዝሀር አጠገብ ተቀምጠው የሒሳብ ኪታቦችን በእጃቸው እየገለበጡ በዓመት 150 ዲናር ይተዳደሩ ነበር።

ታላቁ ሥራቸው ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር ነው። እኔን የሚገርሙኝ መሣሪያዎቹ ናቸው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚሰበር ለመለካት ክብ የመዳብ ዕቃ ነደፉ፤ ጠርዙ 360 ዲግሪ ተከፋፍሎበት፣ ጨረር ማስገቢያ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ በከፊል ውሃ ውስጥ ይነከራል። ለነጸብራቅ ደግሞ ሰባት መስተዋት፦ አንዱ ዝርግ፣ ስድስቱ የኳስ፣ የቱቦና የሾጣጣ ቅርፅ ያላቸው፣ ከየዓይነቱ አንድ ጎድጓዳ አንድ ጎባጣ። ልኩንም የቀዳዳውንም ቦታ አንድ በአንድ ጽፈዋል፤ ያላመነ አሠርቶ ይፈትናል።

በ430 ሂጅራ አካባቢ ካይሮ ውስጥ አረፉ። ኪታቡ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ታተመ።

ስለ ግርዶሽም ጽፈዋል፦ በጠባብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን የፀሐይዋን ቅርፅ ይዞ ይወድቃል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት፣ ፀሐይ ስትጋረድ፣ በቆርቆሯችን ቀዳዳዎች የገቡት የብርሃን ነጠብጣቦች ግድግዳው ላይ ሁሉም ጨረቃ ጨረቃ መስለው ነበር። እናቴ ዱዓ ታደርግ ነበር፤ እኔ ምክንያቱን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።